የሚያዋዩት ወላጅ፦ ባህል፣ የቤተሰብ ቅርበትና የወጣቶች ድባቴ

ከቤቱ ርቆ ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ልጅ ማታ ወደ ቤት ሲደውል የሚደረገውን ንግግር ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን። «እንዴት ነህ?» «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» «በላህ?» «በላሁ።» «ትምህርት እንዴት ነው?» «ጥሩ ነው።» «በል በርታ፣ አደራ!» ስልኩ ከአባት ወደ እናት ይሻገራል፤ እናትም ከ«በላህ ወይ?» ትጀምራለች። ልጁ ግን ሁለት ሳምንት ክፍል አልገባ ይሆናል። ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ፣ ቀኑን ከአልጋው መነሳት አቅቶት፣ ለምን እንደሚኖር ግራ ገብቶት ይሆናል። ከዚህ አንዱም በስልኩ አይነሳም። እነዚያ ወላጆች ልጃቸውን አይወዱትም ማለት አይቻልም፤ ከጎደለው ኑሯቸው ቀንሰው የኪስ ገንዘብ የሚልኩለት እነሱ ናቸው። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ያ ፍቅር ልጁ ዘንድ ይደርሳል ወይ? ካልደረሰስ ከወጣቶች ድባቴ ጋር ምን ያገናኘዋል? ባህልስ በመካከላቸው ምን ይሠራል? ተመራማሪዎች ሰባ ዓመት ያህል ተመላልሰውበታል። እዚህ የምፈትሸው ያገኙት ነገር ለእኛ ቤት ምን እንደሚል ነው። (የውጭ ጥናቶች ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።)

ድባቴ ስል ሰው ሁሉ አልፎ አልፎ የሚሰማውን መከፋት ማለቴ አይደለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚዘልቅ፣ ደስ ይል የነበረውን ሁሉ ጣዕም የሚያሳጣ፣ እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትንና ሐሳብ የመሰብሰብ አቅምን የሚነካ ሕመም ነው። የአእምሮ ሕመም በጠቅላላው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት ነው። በሮናልድ ኬስለር መሪነት ተካሂዶ በ2005 የወጣው የአሜሪካ ጥናት በሕይወት ዘመን ከሚከሰቱ የአእምሮ ሕመሞች ግማሾቹ በ14፣ ሦስት አራተኛዎቹ ደግሞ በ24 ዓመት ዕድሜ ጀምረው እንደሚገኙ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ወጣቶች ዘንድ ራስን ማጥፋት ከዋና ዋናዎቹ የሞት ምክንያቶች አንዱ ነው። ይህ ዕድሜ ልጁ ከወላጁ እጅ የሚወጣበት፣ ከወላጁ ልብ ግን ገና ያልወጣበት ጊዜ ነው። ጄፍሪ አርኔት በ2000 ከ18 እስከ 25 ያለውን ዘመን ራሱን የቻለ የሕይወት ምዕራፍ አድርጎ ሲያቀርብ ያሰበው በአብዛኛው የአሜሪካን ወጣት ነበር። የእኛዋ የ20 ዓመት ልጅ ቤሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት ተቀጥራ ታናናሾቿን የምታስተምር ልትሆን ትችላለች። እሷም ግን «አይዞሽ» የሚላት ሰው ትሻለች።

ስለ ወላጅና ልጅ ቅርበት የተደረገው ጥናት መነሻ የሕፃናት ጉዳይ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦልቢ በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ሪፖርት የማይለዋወጥ፣ ሞቅ ያለ የአሳዳጊ ቅርበት ለሕፃን የአእምሮ ጤንነት እንደ ምግብ አስፈላጊ መሆኑን ተከራከረ። የሥራ ባልደረባው ሜሪ ኤንስወርዝ ሐሳቡን በመስክ የመረመረችው መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ አልነበረም፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ኡጋንዳ ውስጥ፣ ካምፓላ አጠገብ ባሉ መንደሮች፣ ከ26 ቤተሰቦች ቤት እየተመላለሰች ነው። ይህን የማነሳው ነገሩ ሁሉ «የፈረንጅ ነው» ብሎ መግፋት ስለሚቀናን ነው። የዚህ የቁርኝት (የልጅና የአሳዳጊ ትስስር) ጥናት የመጀመሪያ ገጾች የተጻፉት አፍሪካውያን እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሲሠሩ በማየት ነው። በ1970ዎቹ ደግሞ ኤድዋርድ ትሮኒክ እናቶች ከሕፃኖቻቸው ጋር ሲጫወቱ ቆይተው ድንገት ፊታቸውን እንዲያደርቁ አደረገ። እናትየው ከፊቱ ተቀምጣለች፤ ዓይኗም እሱ ላይ ነው። ሕፃኑ መጀመሪያ ይስቅላታል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ይጮኻል፤ መልስ ሲያጣ ፊቱን አዙሮ ይኮማተራል። በአካል መኖርና በስሜት መገኘት ሁለት ነገር መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ሙከራ አላውቅም። ከዚሁ ሰው ሥራ ወላጅን የሚያጽናና ግኝትም ወጥቷል፦ ጤናማ የሆኑት እናትና ልጅ እንኳ በስሜት የሚገጣጠሙት ከጊዜያቸው ሲሶ ያህሉን ብቻ ነው። ልጁን የሚያጠነክረው የተበላሸውን መልሶ ማቃናት ነው፤ እንከን የለሽ መሆን አይደለም።

ወደ ወጣቶች ስንመጣ መለኪያው ይለወጣል፤ የሚጠየቀው ልጁ ራሱ ነው። አውስትራሊያዊው ጎርደን ፓርከር ከባልደረቦቹ ጋር በ1979 ያወጣው መጠይቅ ሰዎች እስከ 16 ዓመታቸው ስለነበራቸው አስተዳደግ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ እንክብካቤና ቁጥጥር። ፓርከር ከድባቴ ጋር አጥብቆ ተያይዞ ያገኘው የሁለቱን ክፉ ጥምረት፣ ማለትም ፍቅሩ የማይታይ ቁጥጥርን ነው። ሮናልድ ሮነር ደግሞ በብዙ አገሮች ባካሄዳቸው ጥናቶች አንድ ነገር ላይ አተኮረ፤ ወላጁ ካደረገው ይልቅ ልጁ የተረዳው። አንዳንዱ ልጅ አልተመታም፣ አልተሰደበም፣ አልተራበም፤ ያም ሆኖ ወላጁ እንደማይወደው አምኖ ያድጋል። ሮነርና ባልደረቦቹ ይህ እምነት በየትኛውም ባህል፣ በየትኛውም ጾታ ከሥነ ልቦና ችግር ጋር እንደሚሄድ አግኝተዋል። የአባት ፍቅር ክብደትም ከእናት ያላነሰ፣ አንዳንዴም የበለጠ መሆኑን ያሳዩት እነሱ ናቸው። «አባትማ ካቀረበ በቂ ነው» ለምንል ለእኛ ከባድ ቁም ነገር ነው።

እዚህ ላይ ልጓም መያዝ ያስፈልጋል። በ2007 ማክላውድ፣ ዋይዝና ዉድ 45 ጥናቶችን አጠቃለው ሲመረምሩ አስተዳደግ በልጆች ድባቴ ውስጥ ያለውን ልዩነት ማስረዳት የቻለው 8 ከመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ከአስተዳደግ ዓይነቶችም ይበልጥ የጎዳው መገፋት እንጂ ቁጥጥር አልነበረም። ፓትሪክ ሰለቫንና ባልደረቦቹ በ2000 የመንትዮችን ጥናቶች ሲያጠቃልሉ ከድባቴ ተጋላጭነት 37 ከመቶ ያህሉ በዘር የሚወረስ መሆኑን ገመቱ። ድህነት አለ፤ ጦርነት አለ፤ ሥራ ማጣት አለ። ስለዚህ ልጁ የታመመበትን ወላጅ «አንተ ነህ ያሳመምከው» ማለት ስህተት ብቻ ሳይሆን ጭካኔም ነው። እኔ ግን 8 ከመቶውን ትንሽ ነው ብዬ አላልፈውም። ዘርን መቀየር አይቻልም፤ የአገር ኢኮኖሚ አንድ ቤተሰብ ሊለውጠው የሚችል ነገር አይደለም፤ ከልጅ ጋር የመነጋገር ልማድ ግን ዛሬ ማታ ሊለወጥ ይችላል።

አቅጣጫውም ከሁለት ወገን ነው። የተከፋ ልጅ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ሲጠሩት ይቆጣል፤ ወላጅ ጥቂት ሞክሮ ይተወዋል፤ ልጁም «ድሮም አይፈልጉኝም» ይላል። ስዊድን ውስጥ ሆካን ስታቲንና ማርጋሬት ከር በ2000 ያወጡት ጥናት የብዙ ወላጆችን እምነት ያናጋ ነው። ልጆቻቸው ምን እንደሚሠሩ በደንብ የሚያውቁ ወላጆች ዕውቀታቸውን ያገኙት በዋናነት በክትትል ወይም በጥያቄ ብዛት አልነበረም፤ ልጆቹ ራሳቸው ፈልገው ስለሚነግሯቸው ነው። ልጅ የሚነግረው ደግሞ ሲነግር ያልተቀጣበት፣ ያልተሳለቀበትና ያልተሰበከበት ሰው ጋ ሄዶ ነው። ቁጣችንንና ምክራችንን አንድ ላይ የምናቀርብ ወላጆች ይህን ብናስብበት መልካም ነው። ልጅ «ጨንቆኛል» ብሎ ገና ሳይጨርስ ምክሩ ሲጀመር፣ ያ ልጅ ሁለተኛ አይናገርም።

ታዲያ ባህልስ? በዚህ ጥያቄ ላይ ክርክሩ ረጅም ነው። ዳያና ባውምሪንድ በ1960ዎቹ የወላጅነት ስልቶችን ስትከፍል ጥብቅ ታዛዥነት የሚጠይቀውን አስተዳደግ ከጎጂዎቹ መደበችው። በ1994 ሩት ቻኦ ተነስታ ይህ ሚዛን ለቻይናውያን ቤተሰቦች አይሠራም አለች፤ በእነሱ ዘንድ ጥብቅነት ማሠልጠንና መንከባከብ ማለት ነው፣ ልጁም እንደዚያው ይረዳዋል። ክርክሩ ብዙ ተከታይ አገኘ፤ በተለይ ጥብቅ ሆነን ልጆቻችንን አስተማርን የሚሉ ወላጆች ወደዱት። ግን በዚያ አላበቃም። ሱ ዮንግ ኪም 444 ቻይናዊ አሜሪካውያን ቤተሰቦችን ስምንት ዓመት ተከታትላ በ2013 ስታሳትም ኃይለኛና ጨካኝ ወላጅነት ያየ ልጅ የድባቴ ምልክቱ የበዛ፣ የትምህርት ውጤቱም ዝቅ ያለ ሆኖ አገኘችው። ብዙዎቹ ቻይናውያን ወላጆች ደግሞ እንደሚታሙት ሳይሆኑ ደጋፊዎች ነበሩ። ጄኒፈር ላንስፎርድና ባልደረቦቿ በ2005 በቻይና፣ በሕንድ፣ በጣሊያን፣ በኬንያ፣ በፊሊፒንስና በታይላንድ ግርፋትን ሲያጠኑ መገረፍ የተለመደ በሆነበት አገር ጉዳቱ ቀለል እንደሚል፣ ነገር ግን የትም ቦታ ጨርሶ እንደማይጠፋ አሳዩ። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ብራያን ባርበር በዚያው ዓመት በብዙ አገሮች ወጣቶች ላይ ያወጣው ሥራ ነው፦ ጥፋተኝነትን በልጁ ላይ በመጫንና ፍቅርን በመንፈግ የሚደረግ ቁጥጥር በየትም አገር ከድባቴ ጋር ተያይዞ ተገኘ። እኛ ጋ መልኩ ይታወቃል፤ «ለአንተ ብዬ ስንቱን ተሸከምኩ»፣ «ያጠባሁህ ጡቴ ይፍረድብህ»፣ ጥፋቱ ላይ ቀናት የሚዘልቅ ኩርፊያ። ልጁ ለወላጁ ዕዳ እንዳለበት አምኖ ማደጉ በራሱ በሽታ አያመጣም፤ ቱርካዊቷ ቺደም ካይትቻባሽ ከቤተሰብ ጋር ተሳስሮ መኖርና የራስን መንገድ መያዝ ባንድ ሰው ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ በአሳማኝ ሁኔታ አስረድታለች። የሚያሳምመው ዕዳው የፍቅር ዋጋ ሆኖ ሲቀርብ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምረዳው ይህን ነው፦ ልጅ ወላጁን በስሜት መፈለጉን ባህል አይወስንም፤ ባህል የሚወስነው ፍቅር በምን እንደሚገለጥ፣ በማን በኩል እንደሚያልፍና ልጁ እንዴት እንደሚያነበው ነው። ችግሩ የሚከብደው ፍቅር ያልፍባቸው የነበሩት መንገዶች ተዘግተው የወላጅ ዝምታ ግን እንደነበረ ሲቀጥል ነው።

የእኛን አገር በዚህ ዓይን ብናየው ብዙ ይገልጥልናል። ዶናልድ ሌቪን በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በአማራ ገበሬ ቤት የልጅ አስተዳደግ አውራ እሴቶች ታዛዥነትና ለታላቅ ክብር መስጠት መሆናቸውን ጽፏል። አባት የሚፈራ ነበር፤ ልጅ ከአባቱ ጋር ስለ ሆዱ ነገር አይጨዋወትም። ነገር ግን ያ ልጅ ብቻውን አልነበረም። ጀርባውን እየዳበሰች የምታስተኛው አያት ነበረችው። አባቱን ማነጋገር ሲፈራ የሚያማልድ አጎት፣ ከግርፋት የምታስጥል ጎረቤት፣ ጓዳ ውስጥ የምትሰማው አክስት፣ ከፍ ሲል ደግሞ ምሥጢሩን የሚነግራቸው የንስሐ አባት ነበሩት። የአባት ዝምታ የሚቻለው በእነዚህ ተከብቦ ነው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚያድገው ልጅ አያቱን የሚያየው በዓመት አንዴ ነው፤ አክስቱ ዱባይ ናት፤ ጎረቤቱን በስም አያውቀውም። እናቱም አባቱም ውለው ሲገቡ መሽቷል። የቀረለት የወላጅ ሥልጣን ብቻ ነው፤ ሥልጣኑን ያለሰልሱት የነበሩት ሰዎች ሄደዋል። «ድሮ እንዲህ አድገን ምን ሆንን?» የሚለው የወላጆች ጥያቄ ይህን ይረሳል።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ስለ ትምህርት ጥራት ብዙ ተባለ። ውጤቱ በተነገረበት ምሽት በየቤቱ የተባለው ግን አልተጠናም። ውጤቱን ስልኩ ላይ ያየ የ18 ዓመት ልጅ ወደ ሳሎን ሲወጣ የሚጠብቀው «አፈር በላን»፣ «የእነ እገሌ ልጅ ስንት አመጣ?» ሊሆን ይችላል፤ ወይም ራት ቀርቦ አብሮ መብላት ይሆናል። ከመቶ 97ቱ ባላለፉበት ዓመት ይህ ልዩነት የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ሁለት ዓመት የዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት ያለፈባቸው አካባቢዎች ወላጆች ደግሞ ራሳቸው ተሰብረው ነበርና ከእነሱ ይህን መጠየቅ ፍርድ አይሆንም።

ወጣቱ ሕመሙን የሚናገርበት መንገድም ወላጁ የሚሰማውን ይወስናል። አርተር ክላይንማን በ1982 ባሳተመው የቻይና ጥናት ሁናን ውስጥ «የነርቭ ድካም» ተብለው የመጡ 100 ሕሙማንን ሲመረምር 87ቱ ለድባቴ የሚያበቃ ምልክት ነበራቸው፤ አብዛኞቹ የሚናገሩት ግን ስለ ራስ ምታት፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ድካም ነው። ቡታጅራ ላይ የተካሄዱት የአእምሮ ጤና ጥናቶች የተጠቀሙበት የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅም ራስ ምታትን፣ እንቅልፍን፣ የምግብ አለመፈጨትን ይጠይቃል። «ጨጓራዬ ነው» የሚል ልጅ እናቱ በአጥሚትና በሐኪም ትረዳዋለች። «ሞት ያሰኘኛል» ቢላት ግን ትቆጣለች ወይ ትደነግጣለች። ስለዚህ ልጁ የሚናገረውን ይመርጣል። ጸበል ይዘውት የሚሄዱ ወላጆችንም በንቀት ማየት አይገባም። ከልጇ ጋር ጸበል ቦታ ሳምንታት ተኝታ፣ ንጋት ላይ እያስጠመቀች፣ እየደገፈች የምትውል እናት በስሜት መገኘትን ከማንም በላይ እያሳየች ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ጸበሉ ሐኪሙን ሲያስቀር፣ ወይም ልጁ ያመመው በኃጢአቱ እንደሆነ ሲነገረው ነው። ሁለቱን አጣምሮ መሄድ የሚችሉ ብዙዎች ናቸው።

ባሕር ማዶ ያሉት ወገኖቻችን ጉዳይ መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን በግልጽ ያሳያል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እስራኤል ከገቡት ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች አብዛኞቹን ወጣቶች የተቀበሏቸው የወጣቶች አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው። አገሩን ቶሎ ለመዱ፤ ወላጆቻቸው ግን በቋንቋም በሥራም ወደ ኋላ ቀሩ። ለአባቱ ሐኪም ቤት የሚያስተረጉም የ14 ዓመት ልጅ አባቱን ይወዳል፤ ጭንቀቱን ግን ሊጥልበት አይደፍርም። አሜሪካ ውስጥ ትሴንግና ፉሊኒ በ2000 ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የሄዱ ቤተሰቦችን አጥንተው፣ ወላጅ በአንድ ቋንቋ ተናግሮ ልጅ በሌላ የሚመልስባቸው ቤቶች ልጆች ከወላጆቻቸው ይበልጥ የራቁ እንደሆኑ አገኙ። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ሲያትል ያለ የእኛ ቤት ይህን ያውቀዋል፤ ልጁ አማርኛው «እሺ»ና «ራበኝ» ላይ ይቆማል፣ የእናቱ እንግሊዝኛም ሥራዋ ላይ ይቀራል።

ወደ ዐረብ አገር የሄደች እናት ነገር ግን ለብቻው መታየት አለበት። ራሴል ፓሬናስ በ2005 ባሳተመችው የፊሊፒንስ ጥናት አባት ሲሰደድ ልጆች ግዴታውን እንደተወጣ ሲያዩት፣ እናት ስትሰደድ ግን እንደተዋቸው ይሰማቸው ነበር፤ እሷ በየጊዜው እየደወለችና ገንዘብ እየላከች ቢሆንም። ርቀቱ አንድ ነው፣ የሚነበበው ግን ልዩ ልዩ ነው። ያነበበላቸውም ጎረቤትና ዘመድ ጭምር ነው። በእኛም አገር «እናትህ ጥላህ ሄደች» እየተባለ የሚያድግ ልጅና «እናትህ ለአንተ ብላ ነው የምትንገላታው» እየተባለ የሚያድግ ልጅ አንድ ዓይነት ሸክም አይሸከሙም። ይህ ከእናትየው ይልቅ በአሳዳጊው እጅ ያለ ነገር ነው።

ምን ይረዳል? ስለ ልጁ ስናስብ ወላጁን መርሳት የተለመደ ነው። ማርና ዋይስማንና ባልደረቦቿ በ2006 ያወጡት የአሜሪካ ጥናት በድባቴ የሚሠቃዩ እናቶች በመድኃኒት ታክመው በሦስት ወር ውስጥ ሲድኑ የልጆቻቸው የሕመም ምርመራ ውጤት በ11 ከመቶ ሲቀንስ፣ እናቶቻቸው ባልዳኑት ልጆች ላይ ግን በ8 ከመቶ ገደማ ጨመረ። የጥናቱ ሕክምና የተሰጠው ለእናቶቹ እንጂ ለልጆቹ አልነበረም። ይህ ወላጅን ከመውቀስ ወደ ወላጅን ማከም የሚመራ ማስረጃ ነው፤ በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ደረጃ እናቶች ስለ ክብደትና ስለ ደም ግፊት ሲጠየቁ ስለ መንፈሳቸውም የሚጠየቁበት ቀን እንዲመጣ የምመኘው ለዚህ ነው። ጋይ ዳይመንድ የቀመረው፣ ልጅና ወላጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያልተነገረውን እንዲነጋገሩ የሚረዳ የቤተሰብ ሕክምና በ2010 ጥሩ ውጤት አሳይቶ ነበር፤ በ2019 የወጣው ሙከራ ግን ቤተሰብን ካሳተፈ ሌላ ደጋፊ ሕክምና እንደማይበልጥ አሳየ። ሁለቱም ረድተዋል። ዋናው ቅመም ስልቱ ሳይሆን ሰሚ ማግኘቱ ይመስለኛል።

ይህንን ግምቴን የሚያጠነክረው ከዚምባብዌ የመጣው ማስረጃ ነው። የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 ሐራሬ ውስጥ፣ ምባሬ በተባለው ሰፈር፣ 14 አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። የተማሩት መድኃኒት ማዘዝ አይደለም፤ መስማት፣ ችግሩን ከነስሙ አብሮ መለየት፣ አንዱን መርጦ መላ መፈለግ ነው። በ2016 የታተመው ሙከራ 573 ሰዎችን አሳትፎ ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት የነበረባቸው ከአያቶቹ ጋር ከተቀመጡት 14 ከመቶ ገደማ፣ ከሌሎቹ 50 ከመቶ ገደማ እንደሆኑ አሳየ። ከታካሚዎቹ መካከል በዕድሜ ከወጣትነት ያለፉም ነበሩ። ግን የአያትን ሥፍራ ከተማ ውስጥ እንደገና ማቆም እንደሚቻል የሚያሳይ ሥራ ነው፤ እኛ ያጣነውም ያንን ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የተሠሩት ጥናቶች አብዛኞቹ አንድ ቀን መጠይቅ በትነው የድባቴን ብዛት የሚቆጥሩ ናቸው። የሚቀረን ልጆችን ከቤት እስከ ዶርም ተከትሎ የሚሄድ ጥናት ነው። «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት 3,000 ያህል ኢትዮጵያውያን ልጆችን ከ2002 ጀምሮ እየተከታተለ ለአቅመ አዳም ማድረሱ ይህ የሚቻል መሆኑን ያሳያል። መጠይቁም እንደ ፓርከር መጠይቅ «እናቴ በለሰለሰ ድምፅ ታናግረኛለች» ከሚለው ዓይነት ብቻ መሆን የለበትም። የታመምክ ቀን ማን አጠገብህ ተቀመጠ? ፈተና ስትወድቅ መጀመሪያ ለማን ነገርክ፣ ምን አለህ? የተከፋህ ጊዜ ማን ጋ ሄድክ? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ መልሱ አክስት ወይም ጎረቤት ወይም የንስሐ አባት ሊሆን ይችላልና የወላጅ ብቻ ዓምድ የሚቆጥር ቅጽ ግማሹን ያጣዋል።